የተረፈው ጠርሙስ

የመጸዳጃ ቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ወጥ ቤት ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ የባሌ ታላቅ እህት በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «አይዞህ፣ አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ» ትላለች። «ማሽኑ ምንም የለባትም ካለ፣ ከዚያው ከሆስፒታሉ በር ታክሲ አሳፍሬ ወደ እናቷ ነው የምሸኛት። ስድስት ዓመት ተጫወተችብን፤ ይበቃል።» ባሌ በዚያኛው በኩል የሚለው አይሰማም። «እሱን ለእኔ ተወው» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወደ መጸዳጃው መጥታ በሩን በጡጫዋ ትደበድበው ጀመር። «አንቺ ልጅ! እዚያው ልትኖሪ ነው እንዴ?»

እትዬ ነው የምላት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ የምላት ግን ለአደባባይ አይሆንም። ቤቱ ውስጥ ከወለሉ እስከ በር እጀታው በረኪና ያልነካው ነገር ስለሌለ፣ ሰፈሩ «በረኪና» የሚል ስም አውጥቶላታል። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ይከርምና እንደ እንግዳ መጥቶ፣ ልብሱን አሳጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ያገባሁት እሱን ቢሆንም ትዳር የያዝኩት ከእህቱ ጋር ነው። እሱ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ሲደውል «እንዴት ነሽ፣ በርቺ፣ የቀረውን እታለም ትነግርሻለች» ብሎ ይዘጋል፤ እህቱን እታለም ነው የሚላት፤ የቀረውንም እሷ ታደርሰኛለች። ልጅ ያልያዝሽው ሆድሽን በኪኒን ስላቃጠልሽው ነው ያለችኝ እሷ ናት። ከመኝታ ቤቱ ወጥተሽ ጓዳ ተኚ፣ ለሽንት ቤቱም ይቀርብሻል ያለችኝ እሷ ናት። ባልሽ ሲመጣ ፊትሽን አታጨፍግጊበት፣ እንደ ሌላው ሰው ሚስት ሳቂ ያለችኝም እሷው ናት። እኔም ቂሜን አንድ ሳላስቀር በእሷ ስም አኖርኩት።

ሕመሜ ስም አልነበረውም፤ ወይም ስሙ በየሐኪሙ ይለያይ ነበር። አንዱ ጨጓራ አለኝ፣ አንዱ አሜባ፣ አንዱ ታይፎይድ፤ አንዱ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ» ብሎ ሸኘኝ። በቀኝ በኩል ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ይቆርጠኛል፤ ስበላ ይነፋኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። መጋረጃ ከምሰፋበት ሱቅ የወጣሁት ባለቤቱ ከወንበሬ በተነሣሁ ቁጥር ሰዓቱን ማየት ስለጀመረ ነው። በመጨረሻ አንድ የአንጀት ሐኪም አገኘሁ። ከታች በካሜራ አየኝና ትልቁ አንጀትሽ ንጹሕ ነው አለ። እትዬ «ንጹሕ ነው» የምትለዋን ይዛ ወጣች፤ ቀጥሎ ያለውን አልሰማችም። ሐኪሙ ግን ካሜራው የማይደርስበት ረጅም ትንሽ አንጀት አለ፣ እሱን በሲቲ ስካን እንየው ነው ያለው። ዋጋውን ስሰማ ቤት ሄጄ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩት።

ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ደህና ነህ እንዲሉት ይጸልያል። እኔ የዚያን ዕለት የጸለይኩት በሽታ እንዲገኝብኝ ነው። ታማ የተመለሰች ልጅ እናቷ ቤት አልጋ ይነጠፍላታል፤ ዋሽታ ተባርራ የተመለሰችን ግን ማን ዓይኗን ያያል? ደግሞም ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። እትዬ በራሷ አፍ፣ ለወንድሟ፣ «ታማለች» ስትል መስማት። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ያቺን ቃል ከጉሮሮዋ መዝዤ ማውጣት አማረኝ።

የምስል ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚያወጣው ብለውን በደረጃ ወጣን። ስቀድማት «የታመመ ሰው እንዲህ ደረጃ አይዘልም» ትላለች፤ ወደ ኋላ ስቀር «አሁን ደግሞ ጀመራት» ትላለች። ፎቁ ላይ ስንደርስ የተላጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ውፍረቱ ትራስ የሚያህል የምርመራ ፖስታ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሁለት የሴቶች መጸዳጃ አለ፤ የአንደኛው በር ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የትም ቦታ ስገባ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ሌላ ሰው መስኮቱን ያያል፣ ሰዉን ያያል፤ እኔ በሩን አያለሁ።

ነርሷ አራት ትልልቅ ጠርሙስ ፈሳሽ አምጥታ አጠገቤ ደረደረች። ሦስቱን ቀስ እያልሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሺ አለችኝ፤ አራተኛው መጠባበቂያ ነው፣ ካስመለሰሽ በእሱ ትተኪያለሽ። ፈሳሹ አንጀት ውስጥ ይቆይና እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ካልተነፋ አንጀቱ ይጣጠፍና በምስሉ ላይ ጤነኛው ከታመመው አይለይም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ኋላ ውሃ አድርጎ ነው የሚያወርድሽ፤ ከሽንት ቤት አትራቂ። ቅያሪ ይዘሻል?» አለችኝ። ይዣለሁ። ቅያሪ ቀሚስ ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት ከቤት የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። እትዬ ይህን አልሰማችም፤ እሷ ፊት ለፊታችን ለተቀመጡት ሰዎች የእኔን ታሪክ ትተርካለች። «ሥራ ሲመጣ ሆዷ ይነሣል፣ እንግዳ ሲመጣ ሆዷ ይነሣል። መቼም ለሆዷ ሰዓት የሚነግረው አለ!» አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ልጇን የታቀፈች አንዲት እናት ግን አንገቷን ደፋች።

ሳሙና የነካው ብርቱካን ነው ጣዕሙ፤ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ባዶ ሆዴን ነበርኩና የመጀመሪያው ጠርሙስ በግድም ቢሆን ወረደ፤ ሁለተኛው እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ተከራከረኝ። እትዬ ዓይኗን አልነቀለችም። «ምን ያስጨንቅሻል? ጭማቂ እኮ ነው! እነሱም ስኳር በውሃ በጥብጠው ሰው መዝረፍ ለምደዋል» አለች፤ ይህንንም ያለችው ኮሪደሩ እንዲሰማ ነው። ሦስተኛውን ስጨርስ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል የምለው አንድ ነገር ነው፤ አንቺ አንጀት፣ ስድስት ዓመት አዋርደሽኛል፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ።

የማሽኑ ክፍል ይበርዳል። ባለሙያው ክንዴ ላይ መርፌ ሰክቶ፣ እጆቼን ከራሴ በላይ አስዘርግቶ፣ ጠባቧ አልጋ ላይ አስተኛኝ። ቀለም የሚሉት መድኃኒት በደም ሥሬ ሲገባ ከጉሮሮዬ ጀምሮ ሙቀት ወረደና ሽንቴ ያመለጠኝ መሰለኝ፤ ባለሙያው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይሰማዋል፣ አትፈሪ ብሎ። አንድ ሰው ስለሚሰማኝ ነገር አስቀድሞ ነግሮኝ፣ አይዞሽ ደግሞ ብሎኝ አያውቅም፤ ለዚያች ብቻ እንባዬ መጣ። አልጋዋ ወደ ማሽኑ ቀለበት ውስጥ ስትገባ «ትንፋሽ ያዢ» የሚል ድምፅ መጣ። ያዝኩ። እባክህ አግኘው አልኩት ማሽኑን፣ ሰው ይመስል። ዓይኔን ጨፍኜ እትዬን አሰብኳት እንጂ ፈጣሪዬን አላሰብኩም።

ስወጣ እትዬ አራተኛውን ጠርሙስ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ነርሷ ልታነሣው ስትል «ተከፍሎበታል» ብላ ቀምታታለች። ጠዋት እኔን ለማቻኮል ብላ እሷም ቁርስ አልቀመሰችም፤ ደረጃውና ወሬው አፏን አድርቀውታል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «አንቺ፣ ይሄ ነገር ጉዳት አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

«ጭማቂ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳት።

ሽማግሌውን እያየች፣ እንዲህ ነው የሚጠጣው ለማለት ያህል፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ አንደቀደቀችው። ትንፋሽ ወስዳ ደገመች። ጠርሙሱን ባዶውን አስቀምጣ አፏን በመሐረብ ጠረገችና «አየሽ? ምንም የለውም» አለችኝ። ምንም የለውም አልኩ እኔም። ሰው ሲበቀል አንጀቴ ራሰ ይላል፤ የእኔ አንጀት እንደዚያች ደቂቃ ርሶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ሁለታችንንም እዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮው አስገባን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪን፣ ሁለት ወንበር። እትዬ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ልትሰማው ለጓጓችው ፍርድ ተመቻችታ ተቀመጠች። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ሆዴ በስስ የተቆራረጠ ይመስል ግራጫ ሥዕል ሆኖ ያልፋል። «ይኸውልሽ» አለኝ፤ «ጤነኛው አንጀት ግድግዳው እንደዚህ ስስ ነው። እዚህ ጋ ግን፣ ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት፣ እንዴት እንደወፈረ ተመልከቺ። መተላለፊያው ጠቧል፤ ስትበዪ የሚቆርጥሽ ለዚህ ነው። እነዚህ ደግሞ ደም ሥሮች ናቸው፤ ወደ ቆሰለው ቦታ የሚሄዱት አብጠው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈዋል።» ብግነት ነው አለ፤ ክሮንስ ይሉታል፤ ከደም ምርመራሽም ጋር ይገጥማል፤ ዕድሜ ልክ አብሮሽ ይኖራል፣ ግን በመድኃኒት ይያዛል፣ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እዚያች ግራጫ ሥዕል ላይ ወፍራ የተኛችውን ቁራጭ አንጀት እንደ ምስክር አየኋት፤ ብችል እስማት ነበር።

 ዞር ብዬ እትዬን ሳያት ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ከሆዷ የወጣው ጉርምርምታ ለሐኪሙም ተሰማው፤ በጨዋነት አሳለፈው። ገባኝ። እኔ ይህን ላብ አውቀዋለሁ፤ ይህን የጉልበት መገጣጠም፣ ይህን ሰው ሲናገር እየሰሙ መምሰል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄ ጀመርኩ። ምን ልብላ? ወተት ይከለከላል? መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው በኋላ? እየቆየ ይጠባል ወይስ ይሰፋል? ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ በእርጋታ መለሰልኝ፤ አንዱንማ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። እትዬ ወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ትቁነጠነጣለች። በመጨረሻም ዋናውን ጠየቅሁት። «ዶክተር፣ ይሄንን ሰው አስመስሎ ሊያመጣው ይችላል?» ሳቀ። «ፊት ነው እንጂ ማስመሰል የሚያውቀው፣ አንጀት አያውቅም» አለኝ።

ከቢሮው ስንወጣ እትዬ ቦርሳዋን እጄ ላይ ጣለችና በግድግዳው ጥግ ጥግ ፈጠነች። እኔ ግን ስድስት ዓመት የሠለጠንኩ ሯጭ ነኝ፤ ደግሞም እኔም ጠጥቻለሁ። ቀደምኳት። የሚሠራው መጸዳጃ ውስጥ ገብቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«ገና ነሽ?» አለች።

 የጨረስኩት ቶሎ ነው፤ ግን አልተነሣሁም። ሰድሩን አየሁ፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አየሁ። ማንኳኳቱ ወደ መደብደብ ተለወጠ፤ ከዚያ ጡጫው ከሸፈና በመዳፍ መለማመጥ ሆነ። «እባክሽ፣ እናቴ... እባክሽ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከእትዬ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የነገረኝ የለም። «ሥራ ሲመጣ ነው ወይስ እንግዳ ሲመጣ?» አልኳት በበሩ ውስጥ ሆኜ። «ማነው ለሆድሽ ሰዓት የነገረው?» አንቺ ብዬ መጥራቴ እስኪያልፍ ድረስ አልታወቀኝም። እሷም የሰማችው አይመስለኝም። ከዚያ በሩ ላይ የነበረው እጅ ወረደ። ከፍቼ ስወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ሳታየኝ በጎኔ አልፋ ገባችና በሩን ዘጋችው። ወለሉ ላይ የቀረውን ሁሉም አየው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ያቺ እናት ተነሥታ ከሕፃኗ ዕቃ ጨርቅ አውጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ጠረገችው።

ቆየሁ። ከውስጥ ውሃ ሲፈስ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲፈስ ይሰማል። ከዚያ «አንቺ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «አለሽ? የምለብሰው የለኝም። እንዲህ ሆኜ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል እንዴት እወጣለሁ?» ቅያሪ ቀሚሴ ቦርሳዬ ውስጥ ተጣጥፎ አለ፤ እሷም ታውቃለች፣ ስንት ጊዜ ስቃበታለች። አወጣሁት፤ ግን አልሰጠኋትም። ከእሷ ቦርሳ ስልኳን አወጣሁና ወደ ባሌ ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ገፋሁላት።

«ንገሪው» አልኳት። «ከዚያ ቀሚሱን እሰጥሻለሁ።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። የመኪናው ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። «እታለም፣ እህ? ምን አሉ?»

ከበሩ ጀርባ ቧንቧው ተዘጋ። ከዚያ፣ «ታማለች» አለች እትዬ። «እውነቷን ነው። ምስሉን አሳይቶኛል። አንጀቷ ቆስሎ ጠቧል። ዕድሜ ልኳን መድኃኒት ትወስዳለች።»

የለመንኩት ቃል ነው። በኮሪደሩ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሁልጊዜ ከምታሳጣኝ ከዚያው ከሽንት ቤት፣ በራሷ አፍ። ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ ባሌ ሲመልስ ገና ፈገግታዬን አልጨረስኩም።

«ዕድሜ ልክ?» አለ። «ታዲያ ባሰ እንጂ ምኑ ተሻለ? እኔ መንገድ ላይ እየኖርኩ በሽተኛ ላስታምም ነው? ያው እንዳልኩሽ ዛሬውኑ አሳፍሪያት። ብቻ ከእኔ ነው እንዳትያት፤ እንደ ሁልጊዜው ከራስሽ አድርገሽ ንገሪያት። አንቺን እንደሆነ መጥላቱን ለምዳዋለች።»

  ልጅ አልያዝሽም፣ ጓዳ ተኚ፣ እንደ ሰው ሚስት ሳቂ፤ እያንዳንዱን ቃል መልሼ ሰማሁት፣ አሁን ግን በሱ ድምፅ። እኔ የምጠላት እትዬ ለካ የእሱ አፍ ብቻ ኖራለች። በሩን የሚደበድበው ጡጫ ግን የራሷ ነበር፤ ያንን አልማርኳትም፣ አሁንም አልምራትም። ቀሚሱን በበሩ ሥር አሾለክሁላት። በዚያው ክፍተት ስልኩን መልሳ ገፋችልኝ፤ ጣቶቿ እርጥብ ነበሩ። «ሄሎ? እታለም?» ይላል ባሌ።

ስልኩን አነሣሁት። ድምፁን ዝቅ አላደረግሁትም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ እኔን የምትለውን ለእኔ ትላለህ፤ በራስህ አፍ።»

 ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ... እየውልሽ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ጭነት ይዣለሁ። ስቆም እደውልልሻለሁ።»

«ዳር ያዝና አቁም» አልኩት።

 የፍሬኑ አየር ሲተነፍስ ሰማሁ፤ ጠጠር ከጎማ ሥር ሲፈጭ፣ ከዚያ ሞተሩ ሲጠፋ።

«ጀምር» አልኩት።